የኮከብ ግንባር

ያርጋል ደባርቅ ላይ በከፈተው ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ካስገባ ወዲህ በከተማው መልከ ጥፉ ሰው ጠፋ። ብጉር ያጠፋል፣ ጥቁሩን ያቀላል፣ አፍንጫ ይሰድራል። ይባስ ብሎ «እግዜር የረሳውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ድፍረቱ!

የአያ ሻረው ልጅ ኮከብ ለመታወቂያ ፎቶ ስትመጣም እጁ አላረፈም። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት፤ በልጅነቷ ስትነቀስ ተንፈራግጣ አንዱ ክንፉ ወደ ቅንድቧ ተጣሟል። ያርጋል ጠረገው። ፊቷንም አቀላው። ኮከብ ፎቶውን አይታ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ሳበች። እሱ ግን አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቀለው፤ ያልተነካካውን ዋናውን ፎቶ ግን ቦታ ያዘብኝ ብሎ ከኮምፒውተሩ ሰረዘው።

ከወራት በኋላ አያ ሻረው ፎቶ ቤቱ ገቡ። ኮከብ ገበያ ብላ ወጥታ አልተመለሰችም፤ ደላላ በመተማ በኩል ድንበር ሊያሻግራት ነው ይባላል። ሌላ ፎቶ የላትምና የመስኮቱን ይዘው ወረዱ። ዳባት ጠየቁ፣ አምባ ጊዮርጊስ ጠየቁ። በማግስቱ ተመለሱ።

«እንዲህ ያለች ቀይ ቆንጆ ብታልፍማ አንረሳትም አሉኝ። ንቅሳት አላት ብል ማን ይስማኝ? አፌ ከሚለው ዓይናቸው ያየውን አመኑ።» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ይህችንስ እኔም መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃት። የኔዋን ስጠኝ።»

ያርጋል ኮምፒውተሩን ከፈተ። የሳቸዋ የለችም። አያ ሻረው ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ «እዚህ ጋ፣ ወደ ቅንድቧ ጠመም አድርገው» ሲሉት የጠረገውን መስቀል መልሶ ሣለ፣ ያቀላውን ፊት መልሶ አጠቆረ። ኮከብ ብቅ ስትል ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

አብረው አምባ ጊዮርጊስ ወረዱ። መናኸሪያው ላይ አንድ የሚኒባስ ረዳት ፎቶውን ገና ሲያይ፣ «ይህችማ!» አለ። «መስቀሏ ጠማማዋ! ትናንት ጎንደር ወሰድናት። አብሯት ያለው ሰውዬ መተማ በጊዜ እንድረስ እያለ ያቻኩላት ነበር።»

«ትናንት እኮ ጠይቄህ ነበር» አሉ አያ ሻረው።

«እርስዎማ ሌላ ልጅ ነው ያሳዩኝ፣ አባባ። ያንን ፎቶ ሲያሳዩኝ ይህች ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።»

አያ ሻረው ዞረው አዩ። ሻይ ቤቱ ከቆሙበት ጀርባ ነበር።