ካርቶን ውሃ ይጠጣል

የሦስተኛ ክፍል መስኮታችን ከተሰበረ ቆይቷል። ቀዳዳውን የደፈንኩት በሳሙና ካርቶን ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ካርቶኑ ይርስና ያብጣል፤ ከዚያ ከሥሩ የምትቀመጠው ሚጢጢ ላይ ይንጠባጠባል። ልጅቷ ደረቷ ደካማ ነው፤ ስትስል እኔን ያመኛል። ቦታ እንዳልቀይርላት ክፍሉ ጢም ብሏል። አንድ መስታወት እንዲገባልን ዳይሬክተራችንን ስንቴ ለመንኩት! መልሱ ያው ነው፤ «ይታሰብበታል»። ሲያስብ ክረምቱ ገባ።

ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ግን ሰውየው ላይ ታች አለ። ግድግዳ አስጠረገ፣ የቢሮውን መጋረጃ አውርዶ ካርቶኑን ሸፈነበት። «አደራሽን፣ ገበናችንን» አለኝ። እሺ አልኩት። ሆዴ ግን ሌላ መክሯል።

የዕለቱ ትምህርት የቁሶች ባሕርይና ጥቅም ነበር። እንግዳው ከኋላ ተቀመጠ፤ ዳይሬክተራችን ከጎኑ ይሽቆጠቆጣል። ልጆቹ ጎማ ለምን ለኳስ፣ ብረት ለምን ለድስት እንደሚሆን ደህና አድርገው መለሱ። ይሄኔ ሚጢጢን አስነሳኋት።

«መስኮት ከምን ይሠራል? ለምን?»

«ከመስታወት ነው ቲቸር። ብርሃን ያስገባል፣ ዝናብ አያስገባም። ካርቶን ግን ውሃ ይጠጣል። ሲጠግብ እኔ ላይ ይተፋዋል» አለችና መጋረጃውን ገለጠችው።

የዳይሬክተራችን ፊት አመድ መሰለ። እኔ በልቤ እልል አልኩ፤ መስታወቱ ገባ በቃ!

ሱፐርቫይዘሩ ተነስቶ መጣና ርጥቡን ካርቶን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ግሩም ነው!» አለ። «ሌላው ትምህርት ቤት በሥዕል ነው የሚያስተምረው። እናንተ ግን በተግባር!»

ዳይሬክተራችን ነፍስ ዘራ። «እኛማ ሆን ብለን ነው ያስቀመጥነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ይኸው አሁን ቀዳዳችን የማስተማሪያ መርጃ ሆኗል። የሌላ ክፍል ልጆች እየተሰለፉ ያዩታል። መስታወት ይግባበት ብል «መርጃውን ልታጠፊ ነው?» ተባልኩ። ጭራሽ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ከጎኑ ተሰቀለ።

ትናንት ዶፍ ወረደ። ሚጢጢ ደብተሯን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ እየሳለች ጽሑፉን ቀና ብላ አየችው።

«ቲቸር፣ እሱ ግን አልራሰም።»

አይርስም። ዳይሬክተራችን ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ አስለብዶታል።