የግራ እጅጌ

ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ሴትዮ እጇን አልዘረጋችም። ልብስ ሰፊው የዘረጋላትን እጅ አይታ ራሷን ዝቅ አደረገችና ያጽናዎት አለችው። እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። ቅር አለው።

እህቱ በሳንባ ምች ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከቀብር ወዲህ መቀመጥ አቅቶታል። ወንበር ያስተካክላል፤ መስኮት ይከፍታል፤ መልሶ ይዘጋል።

"ወንበሩ መርፌ አለው እንዴ? ቁጭ በል እንጂ፣ አንተ ልጅ" ትለዋለች አክስቱ። ልጅ የምትለው ስልሳ ሊሞላው ነው።

እንግዳዋ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሰው ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር ቀኝ ክንዷን ወደ ደረቷ ትሰበስባለች። ኩራተኛ ናት ብላ አክስቱ ለጎረቤቷ ሹክ አለች። ልብስ ሰፊው ግን ያንን አሰባሰብ ከእህቱ ያውቀዋል።

እህቱ ከእርሱ ጋር ነበር የምትሰፋው። የዛሬ አራት ዓመት ከደረጃ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰነጠቀ። ጀሶው ወጣ፤ በራጅ ሲታይ አጥንቱ ገጥሟል። እርሷ ግን ያቃጥለኛል ማለቷን አልተወችም። እጇ አንዴ ያብጣል፣ አንዴ ይጠቁራል፣ አንዴ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ንፋስ ሲነካው እንኳ ጥርሷን ትነክሳለች። መስፋት ሲያቅታት ዳተኛ ብሎ በደንበኞች ፊት ሰደባት። ቆይታ የቀሚሷን የግራ እጅጌ ቆርጣ ጣለችው። የልብስ ሰፊ እህት በአንድ እጅጌ ስትሄድ አፈረ። ለአጎታቸው ልጅ ሠርግ እጅጌውን መልሶ ሰፋው፤ ስፌቱም ያማረ ነበር። ለበሰችው። ቀኑን ሙሉ ምንም ሳትል ተቀመጠች። ይኸው፣ ድሮም ደህና ነበረች አለ በልቡ።

አሁን ወንበር ስቦ ከእንግዳዋ ፊት ተቀመጠ። ከእህቱ ጋር የት እንደተዋወቁ ጠየቃት። ሆስፒታል፣ ተራ ስንጠብቅ ነው አለችው። የእርሷ ሕመም የመኪና በር ጣቷን ቆንጥጧት የጀመረ ነው። ሐኪሙ ለሁለቱም የነገራቸውን ነገረችው፤ ጉዳቱ ይድናል፣ ነርቩ ግን እንዳልዳነ ሆኖ ሕመሙን መላኩን ይቀጥላል፤ ራጅም አያሳየውም።

"ልብስስ?" አላት። "እጅጌ ቀኑን ሙሉ ቢለብሱበት?"

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችው።

"እጅዎን የፈላ ውሃ ውስጥ ከተው ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይችላሉ?"

አክስቱ ከወዲያ ጠራችው። ከወንበሩ አልተነሳም።

"እህቴ ስለ እኔ ያለችዎት ነገር አለ?"

"አንድ ቀን ያምነኛል ትል ነበር።"

ስትነሳ አብሯት ወጣ። ሰዓቱ ሠራተኛ ከሥራ የሚወጣበት ነው፤ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ልብስ ሰፊው ዞሮ በቀኟ በኩል ሆነ። ከፊት የሚመጣውን ሰው በትከሻው እየመለሰ፣ ክንዷን ማንም ሳይነካው፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛት።