ቀና፣ ከፍ፣ ያዝ

መጋረጃውን ለሁለተኛ ጊዜ ልታሳጥረው ተንበርክካ ጫፉን በመርፌ ስትይዝ ነው የገባት። ጨርቅ እየታጠበ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ባለፈው ወለሉን መጥረግ ሲጀምር ቆርጣ ሰፍታው ነበር፤ አሁንም ያው ወለሉን ይጠርጋል። ቀና ብላ መጋረጃው የተሰቀለበትን፣ ጣሪያውን የተሸከመውን ወራጅ አየችው። በጥጉ በኩል ጎንበስ ብሏል። ወጥታ የጥጉን ቋሚ ብትጫነው ጣቷ እንጨቱ ውስጥ ስምጥ አለ። ምስጥ ሆዱን ባዶ አድርጎታል።

«ቤቱ እየወረደ እኔ መጋረጃ አሳጥራለሁ» አለችው ለባሏ።

ክፉ ነገር ከሩቅ ይሸተኛል የምትል ሴት ናት። ልጇ ካሳለች ሳንባ ነው፤ ስልክ ማለዳ ከጠራ መርዶ ነው። ይኼኛው ግን አናቷ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሸታት ከረመ። ያንገበገባትም እሱ ነው። ያለቻቸው ቤት ይቺው ናት፣ ዝናቡም ሊገባ ነው። ጣሪያው ከወደቀ የሚጠጉበት የለም።

በማግስቱ አናጢው መጣ። ሸምገል ያለ፣ ሲናገር ዓይኑን ከእንጨቱ የማይነቅል ሰው ነው። ቋሚውን በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ አድርጎ ሰማውና ራሱን ነቀነቀ፤ ሥራውንም አስረዳቸው። ከጥጉ ወዲህና ወዲያ፣ ከውጭ በኩል፣ በድጋፍ እንጨት ሥር ሁለት ክሪክ ይገባል፤ ጣሪያው ከነወራጁ ከፍ ይላል፤ የተበላው ቋሚ ወጥቶ አዲሱ ይቆማል። ችግሩ የዘወትር ረዳቱ ታሞ መተኛቱ ነው። አንዱን ክሪክ ባልየው ይይዛል፤ ግን ጥጉ ስለሚጋርዳቸው ሁለቱ አይተያዩም። አንድ ሰው ከውስጥ በር ላይ ቆሞ እያየ መናገር አለበት።

ባልየው ጎረቤት ይጠራ፤ እሷ ገና ክሪኩን ስታይ ነው የምትጮኸው አለ።

«የሚጮህ ሰው ነው የምፈልገው» አለ አናጢው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ስሚኝ ልጄ። ቀና ካልሽ ሩብ ዙር እናዞራለን። ከፍ ካልሽ ሙሉ ዙር። ያዝ ካልሽ እጃችን ባለበት ይቀራል። ሌላ ቃል እንዳታመጪ።»

«ብድግ ብልስ?»

«ብድግ የሚለው ሰው ነው፣ እንግዳ ሲገባ። ቤት ብድግ ካለ መልሶ ይቀመጣል፤ ያውም እኛ ላይ።»

«ተነሥስ?» አለ ባልየው እየሳቀ።

«እሱን ጠዋት ጠዋት ላንተ ትበልህ።»

አማቷ ግቢው መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። «ለእሱማ አንድ ቃል መቼ ይበቃዋል» አሉ።

አናጢው ከቤቱ ውስጥ፣ ከደህናው ጥግ እስከ ታመመው ጥግ ክር ወጠረ። ወራጁ ክሩን እስኪነካ ድረስ ነው ሥራው። ምስማር ሲላቀቅ እንጨት ይጮኻል፣ እሱ አያስፈራሽ አላት፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ገፋ ካለ ግን ያዝ በይ።

የበሩ ደፍ ላይ ቆመች። ዓይኗን ክሩ ላይ ተከለች።

«ቀና» አለች፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። ከሁለቱም በኩል ክሪኩ ሲያቃስት ተሰማት። ወራጁ ንቅንቅ አላለም። «ቀና» ደገመች። ከዚያ እንደምንም «ከፍ» ስትል አንድ ነገር ጓ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር አጓራ። አማቷ የፈጣሪን ስም ጠሩ።

ያዝ ሊያመልጣት ከከንፈሯ ደረሰ። ዕድሜዋን ሙሉ የተናገረችው እሱን ነው፦ ዛፍ ለወጣች ልጇ፣ ሥራ ልቀይር ላለ ባሏ፣ አንድ ነገር ላማራት ለራሷ።

«ምን ሆነ?» አለ ባልየው ከውጭ።

«ዝም በል፤ የምታየው እሷ ናት» አለው አናጢው።

ግድግዳውን አየች። ቀጥ ብሎ ቆሟል። በግድግዳውና በወራጁ መካከል ግን ፀጉር የምታህል የብርሃን መስመር ተሰምራለች። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ ገብቶበት በማያውቀው በኩል።

«ቀና» አለች። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም።

የብርሃን መስመሯ ክር አከለች። «ከፍ።» ሪባን አከለች። ያ ሁሉ ቆርቆሮ፣ ያ ሁሉ ምስማር፣ ነፋስ እንዳይወስደው አናቱ ላይ የተደረደረው ድንጋይ ሳይቀር፣ እሷ በተናገረች ቁጥር ወደ ላይ ይሄዳል። በስንጥቁ የጎረቤት የልብስ ገመድ ታየ። ከገመዱ በላይ ሰማይ ታየ። የግድግዳው ጫፍ ላይ አንዲት ወፍ መጥታ ስታርፍ ቀጫጭን እግሮቿ ብቻ ታዩዋት። ከባድ ነገር የሚያውቀው መውደቅ ብቻ ይመስላት ነበር። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየችና፣ ሰዎቹ እየጠበቋት መሆኑ ትዝ ሲላት አነሳችው።

«ቀና... ቀና...»

ወራጁ ክሩን ነካ።

«ያዝ» አለች፤ ሳትፈራ።

አዲሱ ቋሚ ቆሞ፣ ስንጥቁ በጭቃ ተደፍኖ፣ ክሪኮቹ ሲወጡ ቀኑ መሸ። አናጢው ዕቃውን እየሰበሰበ፣ ረዳቴ ቶሎ ካልተሻለው አንቺን ነው የምጠራው ብሏት ሄደ።

እራት ከበሉ በኋላ ባልየው ፍራሹን ጎትቶ ገርበብ ባለው በር ሥር አነጠፈው። ለዛሬ እንኳ እዚህ እንተኛ፣ አንድ ነገር ቢንቋቋ ዘለን እንወጣለን አለ። ለእሷ ብሎ ነው፤ ግን እሱም ደጋግሞ ወደ ላይ ያያል።

«ወደ ጥጉ መልሰው» አለችው።

«የቱ ጥግ?»

«አዲሱ ቋሚ ሥር።»

አማቷ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ምራቴን ማን ለወጠብኝ?»

ነፋስ መጣ። ቆርቆሮው አንዴ ቃ አለና ዝም አለ። ባሏም አማቷም ልጇም ፊቷን አዩ። ጆሮዋን ጥላ አዳመጠች። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው፤ ቁልፉንም ከውስጥ አዙራ ቆለፈችው።