ለተዘጋ በር ነጥብ የለም

«ፊትሽ ምነው ደህና ሆነ?» አሉ እትዬ አበቡ።

ምስጢር ፍራሹ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። አባቷ ላቀው ትናንት ተቀብሯል። እትዬ አበቡ የላቀው ታላቅ እህት ናቸው፤ ከኮላ ድባ እህል በጫነ አይሱዙ መጥተው፣ አዘዞ አስፋልቱ ላይ ወርደው፣ ድንኳኑ ሳይደርሱ ፊታቸውን መንጨት ጀመሩ። እድርተኞቹ እጃቸውን ለመያዝ ሮጡ፤ አልደረሱም። አሁን በሁለቱም ጉንጮቻቸው ላይ ደም የደረቀበት መስመር አለ።

«አባት ሙቶ የልጅ ጉንጭ እንደ ሙሽራ ያበራል?»

«አባቴ ፊትሽን ጠብቂ ብሎ ነው ያሳደገኝ፣ እትዬ።»

«ከቡጢ ጠብቂ አለሽ እንጅ ከለቅሶ ጠብቂ አለሽ?»

አንዲት ጎረቤት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ለቅሶ ቤት ሳቅ እንደ ሳል ነው፤ ሲያፍኑት የአጠገብ ሰው ይይዛል።

ላቀው የመሪጌታ ልጅ ነበር። አባቱ ለቅኔ ሰጡት፣ እሱ ራሱን ለቦክስ ሰጠ። እዚያው አዘዞ በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው አንድ ነገር ነው ቢባል አይጋነንም፤ ጋርድ። ሁለቱ ጓንቶች ከቅንድብ እኩል፣ አገጭ ዝቅ፣ ክርን ገባ። «መምታትማ በሬም ይመታል» ይል ነበር። «ሰው ማለት ፊቱን እንደያዘ ቤቱ የሚገባ ነው።»

ከዚያ አዳራሽ አፍንጫው የተሰበረ ልጅ አልወጣም። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ የሚያመጡለት ለዚህ ነው። ሻምፒዮንም አልወጣም። ራሱ ላቀው በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ፊቱ ሳይነካ፣ በነጥብ ተሸንፎ ተመልሷል። የምስጢር እናት ወርቅውሃ ያገባችው በዚያው ዓመት ነው። «ቦክሰኛ ነው ሲሉኝ አፍንጫው የተጣመመ ሰው ጠብቄ ነበር» ትላለች።

ከድንኳኑ በኩል ሹክሹክታ ይሰማል።

«ጉበቱ ነው አሉ።»

«ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበርኮ!»

«ጉበት ደሞ መች ይጠይቃል።»

ከሰዓት በኋላ መልካሙ መጣ። በልጅነቱ ላቀው ዘንድ የሠለጠነ ነው፤ ዛሬ ከተማ መሀል የራሱ ክለብ አለው። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ፣ የወለሉን ምንጣፍ በደንብ አየና ወደ ምስጢር ጠጋ አለ።

«የእሑዱን ውድድር ልቀቂው። ማንም አይፈርድብሽም።»

«አዳራሹስ?»

መልካሙ ምንጣፉን እንደገና አየ። ላቀው የቀበሌውን አዳራሽ የያዘው በየዓመቱ ተወዳዳሪ እያቀረበ ነው። ዘንድሮ ያስመዘገበው ምስጢርን ብቻ ነበር። እሷ ካልቀረበች፣ ወይም ቀርባ ሦስቱን ዙር ካልጨረሰች፣ አዳራሹ ወደ መልካሙ ክለብ ይዞራል። እሑድ የምትገጥማት ነጃትም መልካሙ የሚያሠለጥናት ናት።

«ነጃት ጎን ነው የምትመታው» አለ መልካሙ። «በአባትሽ ጋርድ አትችያትም። ነፍሱን ይማረውና፣ ዳኛ ለተዘጋ በር ነጥብ አይሰጥም።»

«አፍንጫህ ቀጥ ያለው ግን በዚያ በር ነው።»

መልካሙ ሳያስበው አፍንጫውን ነካ። «እሱስ እውነትሽን ነው።»

«እመጣለሁ።»

«በሰልስቱ ማግስት?»

«በሰልስቱ ማግስት።»

ይህ ለሹክሹክታ አልበቃም፤ ሰው በግልጽ ተነጋገረበት። «አፈሩ ሳይደርቅ ቡጢ!» አለች አንዷ። እትዬ አበቡ ጀርባቸውን ሰጧት።

ምስጢር ያለፈውን ክረምት ታስባለች። አባቷ የቡጢ መቀበያ ፓድ ይዞ ሲያሠራት አንድ የግራ ቡጢዋ አመለጠና ቀኝ ጎኑን አገኘው። ቡጢው ያን ያህል አልነበረም። ላቀው ወገቡ እጥፍ አለ፤ እጆቹ ግን ከፊቱ አልወረዱም። ከፓዶቹ ኋላ ምን እንደሆነ አይታይም።

«አመመህ?»

«ሸጋ ነው! ድገሚው።»

ደገመችው።

ወርቅውሃ ሆስፒታል ነርስ ናት። የሰው ባል ዓይን ቢጫ ሲል ከበር ላይ ታውቃለች። የራሷ ባል ግን እየቀለደ ይገባል፣ ወጡን ያደንቃል፣ ሸሚዙን መብራት አጥፍቶ ይቀይራል። «ከሳህ» ስትለው «ለውድድር ነው» ይላል፤ የምን ውድድር እንደሆነ አይናገርም። በመጨረሻ ተሸክመው ሲያደርሱት ሐኪሙ «ስንት ጊዜ ሆነው?» ብሎ ጠየቀ። ሚስት ልጇን አየች፣ ልጅ እናቷን።

ሰልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን ምስጢር ጓዳ ገባች። እናቷ የተዋሱትን ብርጭቆ ለየብቻ ታስቀምጣለች።

«ልሂድ?»

«ሂጂ። ሰው ያውራ፤ ለቅሶ ቤት ወሬ አያጣም።» ወርቅውሃ አንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አነሳችና አስቀመጠችው። «ስትመለሽ ግን የት የት እንደተመታሽ ትነግሪኛለሽ። ደህና ነኝ እንዳትይኝ። ደህና ነኝ የሚል ሰው ቀብሬያለሁ።»

እሑድ ጠዋት ደመቀ በባጃጁ ወደ ውድድሩ ወሰዳት። ደመቀ የላቀው የድሮ ሠልጣኝ ነው፤ አሰልጣኝ ስለሌላት ጥግ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። መንገድ ላይ የሰጣት ምክር አንድ ነው። «ጋርድ።»

ምስጢር ጥቁር ሻሿን ፈታችለት፤ እሱም እንደ ዕቃ ቤት ቁልፍ ኪሱ ከተተው።

የመጀመሪያው ዙር የላቀው ነበር። የነጃት ቡጢ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ጓንቶቿ ላይ ወረደ፤ አንድም ወደ ውስጥ አልገባም። ደመቀ በደስታ ገመዱን ይመታል። ምስጢር ግን በጓንቶቿ መካከል የሚታያት የነጃት ጫማና የማሊያዋ ቁጥር ብቻ ነው። አባቴ እኛን ሲያየን የኖረው በዚች ቀዳዳ ነው፣ ብላ አሰበች። ተናደደች። ሪንግ ውስጥ በሞተ ሰው መናደድ ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

በሁለተኛው ዙር ነጃት ራስ መምታቱን ተወችው። ወደ ግራ ዞር ብላ ግራ እጇን ከምስጢር ክርን ኋላ ቀኝ ጎኗ ውስጥ ከተተችው። አየር የሚባል ነገር ከአዳራሹ ጠፋ። ምስጢር በጉልበቷ ወረደች። ጓንቶቿ ግን አሁንም ከቅንድቧ እኩል ናቸው፤ ፊቷ ጭረት የለበትም። ዳኛው እየቆጠረ ነው፤ ደመቀ «ጋርድ! ጋርድ!» ይላል።

ተነሳች። ቀኝ ክርኗን አውርዳ ጎኗ ላይ አሳረፈችው፤ እጇም አብሮ ወረደ፣ ጉንጯ ተገለጠ።

«ተከፈተች!» አለ መልካሙ ከማዶ።

ቀጣዩ ቡጢ ጉንጯን አገኘ፣ ሌላው ከንፈሯን። አመማት። ግን አሁን ነጃትን ሙሉ በሙሉ አየቻት፤ ረጅም፣ ላብ ያጠመቃት፣ እንደሷው የምትፈራ ልጅ ናት። ምስጢር መታች። እንደገና መታች። ሦስተኛውን ዙር ሁለቱም በሩን ከፍተው ጨረሱት።

ዳኞቹ ሦስት ለሁለት ለነጃት ፈረዱ። ምስጢር ግን በእግሯ ቆማ ነበር፤ የአባቷ አዳራሽም ከእጇ አልወጣም። መልካሙ መጥቶ ጨበጣት። «እንግዲህ ቆርቆሮውን አስቀይሪው» አለ፤ «ያፈሳል።»

ወደ ቤት ስትመለስ ፍራሹ ዙሪያ ከሳንጃ የመጡ አዳዲስ ለቀስተኞች ተቀምጠዋል። ያበጠና የጠቆረ ጉንጯን፣ የተሰነጠቀ ከንፈሯን አዩ። ስለ ቡጢ የነገራቸው ሰው የለም።

«ወይኔ! ልጅ ማለት ይች ናት!» ብላ አንዷ ደረቷን መታች። «አባቷን እንዲህ አርጋ አለቀሰችው!»

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ከትናንት በስቲያ «ቡጢ!» ያለችው ጎረቤትም ደህና አድርጋ አለቀሰች። ምስጢር ለማስረዳት አፏን ስትከፍት እትዬ አበቡ ክንዷን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና ጉንጯን ቀረብ ብለው መረመሩ። የሚያውቁት ሥራ ነው።

«ይሄ የጥፍር አይደለም።»

«አይደለም፣ እትዬ።»

«ማን ናት?»

«ነጃት የምትባል።»

«እሷስ?»

«እሷም አብጣለች።»

«ሸጋ።»

ወርቅውሃ ከወዲያ ጎን ተጠጋች። «የት የት?»

«ጉንጬን። ከንፈሬን።» ምስጢር እጇን ቀኝ ጎኗ ላይ አሳረፈች። «ጎኔን። ስተነፍስ ያመኛል።»

እናቷ ጣቶቿን ከነጠላው ሥር አስገብታ የጎድን አጥንቶቿን አንድ በአንድ ተጫነች።

«እዚህ?»

«ያማል!» አለች ምስጢር። ጮክ ብላ ነበር፤ ደገመችው፤ «በጣም ያማል፣ እማዬ፣» ከዚያም ማቆም አቃታት።

የሳንጃዎቹ ሴቶች ነጠላቸውን ከፊታቸው አንስተው አዩዋት።

ቆይቶ ንፍሮ በሰሃን ዞረ። ምስጢር አንድ ሽምብራ አፏ ውስጥ አደረገች፤ መንጋጋዋ አልታዘዝ አላት፣ መልሳ በመዳፏ ተቀበለችው። እትዬ አበቡ ሰሃኑን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። አንዷን ሽምብራ ልጠው በሁለት ጣታቸው ደፈጠጡና አፏ ውስጥ አደረጉላት፤ እስክትውጥ ጠበቁ፤ ሌላዋን አነሱ።