ዜሮና ሁለት

እና ካልሲው፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡኒ፣ ጠዋት እንዴት አላየችውም፣ አባቷ ሰሌዳው ፊት ቆሟል፣ እሷ የኋላ ወንበር ላይ፣ ዳይሬክተሩ ነው የላካት፣ አንቺም የሒሳብ መምህርት ነሽ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እዪልኝ፣ ማስተማሩ ይበቃቸዋል ካልሽ ይበቃቸዋል፣ ለምን እኔ፣ ወኔ ካለህ ራስህ አትነግረውም፣ ፈሪ።

ጠመኔው ሲጥ ይላል። ሁለት ኤክስ፣ በቅንፍ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አንድ፣ ቅንፉ በሦስት ከፍ ብሎ፣ ኢንተግራሉ ከዜሮ እስከ ሁለት። ቅንፍ ውስጥ ያለውን ዩ እንበለው፣ ይላል፣ ያ ድምፅ፣ ዲዩ ሁለት ኤክስ ዲኤክስ፣ እሰይ የኔ አባት፣ አሁን ሊሚቱን፣ ዜሮና ሁለቱን ቀይር።

ቤት ቀይራችሁ በድሮው ቁልፍ አትታገሉ፣ ስንቴ ብሏታል፣ ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዩ አንድ ነው፣ ኤክስ ሁለት ሲሆን ዩ አምስት፣ በዚህች ስህተት የገዛ ልጁን ዜሮ ሰጥቶ እራት ላይ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። ባለፈው ሳምንት ያገኘችው ከሸጡት ቤት በር ላይ ነው፣ ቁልፍ እያሽከረከረ፣ ባለቤቴ ትከፍትልኛለች ገዢዎቹን ሲላቸው፣ እናቷ ከሞተች ስንት ጊዜዋ።

ዜሮ። ሁለት። እንዳሉ ተዋቸው። ዩ በአራት ከፍ ብሎ ለአራት ሲካፈል፣ መልሱ አራት፣ ሁለቴ ያሰምርበታል እንደ ልማዱ፣ መቶ ሃምሳ ስድስት ነው እኮ አባዬ። ተማሪዎቹ አራትን ይገለብጣሉ። ለምን አትነግሩትም፣ አጠገቧ ወዳለችው ተማሪ ታዘነብላለች፣ እንዲህ ከሆኑ ቆየ እኮ ቲቸር፣ ቤት ስንገባ እናርመዋለን፣ እንዳያፍሩ ብለን ነው።

ልክ ነው ሚጢዬ፣ ይጠይቃታል ዞር ብሎ፣ ተማሪ ፊት እንዲህ ጠርቷት አያውቅም፣ ክፍሉ ሁሉ አንገቱን ያዞራል፣ ልክ ነው አባዬ፣ ውሸታም፣ ምን ታድርግ፣ ልክ ነው ቲቸር፣ ተማሪዎቹ ይከተሏታል።

ፈገግ አይልም። ሰሌዳውን ያያል፣ ያያል፣ ዜሮዋን በመዳፉ ይጠርጋታል፣ ጠመኔውን ባዶው ቦታ ላይ አስጠግቶ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ እሷ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር የሚገባው፣ ጠፋኝ።

አንድ፣ አባዬ፣ ከላይ ደግሞ አምስት፣ እንደ ታዛዥ ተማሪ ይጽፋል፣ ለዳይሬክተሩ የምትለውን አሁን ታውቃለች፣ ይበቃዋል፣ አባቴ ይበቃዋል፣ ግን ነገ ጠዋት ካልሲውን አጥልቆ ቦርሳውን ሲያነሳ፣ በምን አፏ ወዴት ነው ብላ ልትጠይቀው ነው