ወይዘሮ ሊን ያልመለሱት ጥሪ

ወይዘሮ ሊንን የሰጡኝ ቻይንኛ ስለምችል ነው። አገር ቤት ሳለሁ ለአንድ የቻይና መንገድ ሥራ ድርጅት አምስት ዓመት አስተርጉሜያለሁ። እዚህ ሆላንድ ግን ስለዚያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያን እንዳጥብና እንዳበላ ቀጠሩኝ። ወይዘሮ ሊን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሮተርዳም ውስጥ ምግብ ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ፣ ሆላንድኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። መርሳት ሲጀምራቸው ሆላንድኛው ጠፋ፤ ቻይንኛው ብቻ ቀረ። ዴን ሃግ ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው ደግሞ ቻይንኛ አትችልም፤ እናትና ልጅ ሲገናኙ ተያይተው ይለያያሉ። ለዚህ ነው እሳቸው ወደሚኖሩበት ኦስዶርፕ የተላክሁት።

ሰው ሁሉ ቻይንኛ የሚከብደው በዜማው ይመስለዋል። ወሬ ነው፤ የሚከብደው ግሱ ነው። «ፈለገ» ብለህ ዝም ካልክ ፈልጎ ቀረ ማለት ነው። መገኘቱን ለመናገር ከኋላው «ደረሰ» የምትል ትንሽ ቃል ትቀጥላለህ፤ «ጃው» ፍለጋ ነው፣ «ጃውዳው» ደግሞ ፍለጋው ደረሰ። «በላ» ሲሉም የሚበላውን ካልጨመሩበት ደስ አይላቸውም፤ ዳቦ እየገመጡ እንኳ «ሩዝ እየበላን ነው» ይሉሃል። አንድ ጊዜ ያቺን ትንሽ ቃል ሳላጣራ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ውሃ «አገኙ» ብዬ ተረጎምኩና የውሃ ቦቴው ሰባ ኪሎ ሜትር ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ኃላፊው አንድ ወር ሙሉ «አገኙ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። ከዚያ ወዲህ ቻይና ሲናገር የምሰማው የግሱን ጭራ ነው።

የወይዘሮ ሊን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ማንኪያቸውን ያስቀምጡና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ።

«ይፈልገኛል» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አላገኘኝም።»

«ማን ነው እሱ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እንጃ። የሚጠራኝ በእናቴ ድምፅ ነው። እናቴን ደግሞ በገዛ እጄ ቀብሬያታለሁ። ካልመለስኩለት አይደርስብኝም።»

እኔ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ሳቅሁ። ሪፖርቱ ላይም «ትንሽ ተረብሸዋል፤ ሻይ ጠጥተዋል» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሳቄን አቆምኩ። የደረጃው መብራት ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ ዓይነት ነው። ከበሩ በላይ ባለው መስታወት አየሁት፤ አሥር ሰዓት ላይ መጀመሪያ የታችኛው ይበራል፣ ቀጥሎ የመካከለኛው፣ ከዚያ የእኛው። የእግር ኮቴ የለም።

አንድ ረቡዕ ትምህርት ቤት ተዘጋና የሰባት ዓመት ልጄን ሳያትን የሚይዝልኝ አጣሁ። ክልክል መሆኑን እያወቅሁ ይዣት ሄድኩ። ወይዘሮ ሊን ትክ ብለው አዩዋት፤ ደስ አላላቸውም።

«ልጅ አታምጪ» አሉኝ።

«ዛሬ ብቻ ነው፤ አትረብሽም።»

«ልጅ ቶሎ ይመልሳል።»

እርጅና ነው ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። ሥራዬ የሚያልቀው አሥር ተኩል ላይ ስለሆነ ጥዬ መሄድ አልችልም ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሲኒ እያለቀለቅሁ መብራቱ በራ። ከዚያ ከበሩ ውጭ፣

«ሳያት!»

ድምፁ የእኔ ነው። ለእራት ስጠራት መጨረሻውን እንደምጎትተው፣ ልክ እንደዚያ። እኔ ግን አፌ ተዘግቶ፣ እጄ አረፋ ውስጥ ነበር። ሳያት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ስዕል ትቀባለች።

እናቴ ሁለት ነገር አስተምራኛለች፤ ሲጠሩሽ ሳይደግሙ «አቤት» በይ፤ የማታዪው ሰው ከጠራሽ ግን እስኪደግም ዝም በይ። ለልጄ ያስተማርኳት አንደኛውን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት «ዋት?» እያለች እንዳታዋርደኝ ብዬ በቁጣም በልምምጥም አስገባሁባት። ሁለተኛውን የድሮ ሰው ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ሞኝ ነኝ።

ልቅደማት ብዬ «አቤት!» ስል በጉሮሮዬ ሙሉ ጮህኩ።

«አቤት» አለች ሳያትም፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ባስተማርኳት በዚያ ጨዋ ድምፅ። ሁለታችንም እኩል ነበር ያልነው።

መብራቱ ጠፋ። ወይዘሮ ሊን ጣታቸውን ከከንፈራቸው አወረዱ።

«ጃውዳው» አሉ።

ሮጬ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። «ማንን? ማንን ነው ያገኘው?»

«እኔን አይደለም» አሉ። ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አልዋሽም፣ በዚያች ደቂቃ ጠላኋቸው።

በማግስቱ አሞኛል ብዬ ደወልኩ። ሳያትንም ትምህርት ቤት አልላክኋትም። ዛንዳም እቤታችን በሩን ሁለቴ ቆልፌ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ጭኔ ላይ አቀፍኳት። ድንግል ማርያምን የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጣ እኔን ይጥራ።

አሥር ሰዓት ሆነ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ምንም የለም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ፍሪጁ ብቻ ያንጎራጉራል። በአንዲት አሮጊት ቅዠት ሥራዬን ላጣ ነው ብዬ በራሴ መናደድ ጀመርኩ፤ መናደዱ እንዴት ደስ አለኝ።

ሳያት ከደረቴ ላይ ቀና አለችና ወደ በሩ ዞረች።

«ማማ፣ እዚህ ሆነሽ ለምንድን ነው ከውጭ የምትጠሪኝ?»

እኔ ምንም አልሰማሁም። አፏን በመዳፌ ሸፈንኩ፤ እንዳቀፍኳት ሮጬ በሩን ከፈትኩ። የደረጃው መብራት በርቷል፤ ሰው የለም።

«አቤት!» አልኩ። «እኔ ነኝ! አቤት! አቤት!»

ጎረቤቶች አንድ በአንድ በራቸውን ከፈቱ፤ አንዱ በሆላንድኛ «ደህና ነሽ፣ እመቤት?» እያለ ጠጋ አለኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ላልጠራኝ ድምፅ፣ ድምፄ እስኪዘጋ «አቤት» አልኩ።