ፊልሙ ውስጥ ያልነበረው ቅባት

ኮማኬች ሰሜን ኡጋንዳ፣ ከጉሉ ከተማ ገበያ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ፊልም ቤት አስተርጓሚ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎን ይዞ፣ ፊልሙ ላይ ያሉት ፈረንጆች የሚሉትን በአቾሊ ቋንቋ ይለዋል፤ እነሱ ዝም ሲሉም ከራሱ ይጨምራል። ደንቡ ነው፤ ተመልካቹ የሚመጣው ለእሱ አፍ ነው። ትንሽ ዘግየት ካለ ሞተረኛው ኦብዎና ከኋላ፣ «አንተ ለፍላፊ፣ ምሳ አልበላህም እንዴ?» ይለዋል።

ሰው የሚያውቀው ኮማኬች በጦርነቱ ዘመን ከአክስቱ ጋር ተፈናቃዮች ካምፕ ውስጥ ያደገ ነው። እንዲህ ብሎ የነገራቸው ራሱ ነው። በልጅነታቸው በአማፂዎቹ ታፍነው ጫካ የከረሙትን፣ ሰው እንዴት እንደሚያያቸው ያውቃል፤ ሰላም ይላቸዋል፣ ከሳህናቸው ግን አይበላም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የፊልም ቤቱ ባለቤት አዲስ ፊልም አመጣ። አስቀድሞ ለማየት ጊዜ አልነበረም። ስለ ሕፃናት ወታደሮች ነበር። ኮማኬች መጀመሪያ ቀለደበት፤ አዛዡን በገበያው ቀረጥ ሰብሳቢ ስም ጠራው፣ ቤቱ ሳቀ። ከዚያ መንደር ተቃጠለ፤ ሳቁ ቆመ። ልጆቹ በገመድ ተያይዘው ረጅም ሣር ውስጥ ተነዱ። አንዱ ልጅ አዛዡ ፊት ተንበረከከ። ማንም አልተናገረም፤ ሙዚቃም አልነበረም።

ዝምታውን መሙላት የኮማኬች ሥራ ነው።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አለ፣ ድምፁ ሳይለወጥ። «የሺአ ዛፍ ፍሬ ቅባቱን አምጡ። መጀመሪያ ግንባሩን፣ ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ መዳፎቹን። ቅባቱ ገላህ ላይ እያለ ውሃ እንዳትነካ። ብትሸሽ የት እንዳለህ ቅባቱ ይነግረናል።»

ፊልሙ ውስጥ ቅባት አልነበረም። ልጁም ሸሚዙን እንደለበሰ ነበር። ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ወደ በርጩማው አዞሩ። ኮማኬች እጁን ሲያይ፣ የግራ አውራ ጣቱ የቀኝ መዳፉን መሃል ያሻል።

ማይክሮፎኑን አጠፋው። ፊልሙ በማይሰሙት ቋንቋ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ቀጥል ያለው አልነበረም።

ሲያልቅ ኦብዎና መጣ። ሌላ ጊዜ ትከሻውን መታ አድርጎ በሞተሩ ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። አሁን ራቅ ብሎ ቆመ።

«ያን የቅባቱን ነገር ከጫካ የተመለሱት በሬዲዮ ሲናገሩ ነው የሰማኸው፣ አይደል?» አለው። አጠያየቁ የደግ ነበር። ሌሎቹ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። አዎ ማለት ብቻ በቂ ነበር፤ ነገ ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል። ግን አዎ ካለ፣ እዚያ ሣር ውስጥ ከጎኑ የተንበረከከው ወንድሙም የሬዲዮ ወሬ ሊሆን ነው።

«አይ» አለ ኮማኬች። «አብረን ነው የተቀባነው፤ እኔና ወንድሜ ኦጃራ። እሱ አልተመለሰም።»

ኦብዎና ራሱን ነቀነቀ። ወጥቶ ሞተሩን ሳያስነሳ እየገፋ እስከ አስፋልቱ ወሰደው፤ እዚያ ሲደርስ አስነሳው። በሩ ላይ የነበሩትም ተበታተኑ። ኮማኬች የሞተሩ ድምፅ ከገበያው ማዶ እስኪጠፋ ጠብቆ በእግሩ ወደ ቤቱ አቀና።